ሃምሳ ሎሚና ተሸካሚው
ሕፃናትን በሚያገለግሉ ተቋማት መካከል ስለሚደረግ ትብብር የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ከመድረክ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ተረት አለ። ይኸውም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው ነው። ተረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ከሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሎሚ አንሥቶ የያዘ እንደ ሆነ ነው። ሃምሳ ሰው ቅርጫቱን ከብቦ ስለ ሎሚ ጥቅም ሲነጋገር ቢውል ሎሚው ከቅርጫቱ አይወጣም። ሲመሽም ለአንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመምህርቷ፣ ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት በሚያገለግሉ ተቋማት መካከል ስለሚደረገው ትብብር ይመለከታል። ተቋማት ስንል የመንግሥት ትምህርት ቤትን፣ ጤና ኬላን፣ የቀበሌ አስተዳደርን፣ እድርን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ትምህርት ቤቶችን፣ እንዲሁም መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ማለታችን ነው። ለሒሳችን መነሻ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍና ከእርሱ በኋላ የተከተለው አሠራር ነው። የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ለትብብራችን የጎደለው በጎ ፈቃድ አይደለም። የጎደለው፣ እያንዳንዱ ሥራ በስም ተለይቶ ለአንድ ሰው መሰጠቱና ያ ሰው ለሥራው የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ ማግኘቱ ነው።

ሀ. ከየት እንደ ተነሣን

በአገራችን ትንንሽ ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑን ከፊደል ገበታ አንሥቶ በአቡጊዳና በመልእክተ ዮሐንስ በኩል ለዳዊት ንባብ ያደርስ ነበር። የቁርኣን ትምህርት ቤትም በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ይህንኑ የመሰለ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት በጀት የሚቆረጥላቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። የቆሙት በደብሩ፣ በመስጊዱና ወላጅ እንደ አቅሙ በሚሰጠው ነገር ነው። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ በምድር ባቡሩ ሥራ ዘመን ለፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች ድሬዳዋ ላይ እንደ ተጀመረ ይጠቀሳል።

በደርግ ዘመን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ በየአካባቢያቸው መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል የሕፃናት ኮሚሽንም ተቋቁሞ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ከቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ብዙዎቹ ተዳከሙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት የመዋዕለ ሕፃናትን ጠቃሚነት ቢያምንም፣ ሥራው በተግባር በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶችና ለበጎ አድራጊዎች የተተወ ሆነ። በዚህም ምክንያት በከተማ መክፈል የሚችል ወላጅ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ሲያስገባ፣ የገጠሩና የድኻው ልጅ አንደኛ ክፍል እስኪደርስ ከቤት ዋለ።

ከዚህ አጭር ታሪክ ለነገራችን የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። የሕፃናቱ ትምህርት በአንድ ዘመን የደብርና የመስጊድ፣ በሌላው የቀበሌ፣ በሌላው ደግሞ የከፋይ ወላጅ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። አንዱ ሲለቅ ሌላው እንዲረከበው የተደረገበት ጊዜ ግን እምብዛም አልታየም። የትብብር ጥያቄ የሚነሣውም በአሳላፊና በተቀባይ መካከል ባለው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ለ. ማዕቀፉና የሥራ አከፋፈሉ

እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ማዕቀፍ ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት የተደረገ የመጀመሪያው ትልቅ ጥረት ነው። ምስጋናው ሊነፈገው አይገባም። ሕፃኑን ከፅንስ ጀምሮ እስከ ትምህርት መግቢያው ድረስ እንደ አንድ ሰው አይቶታል። ሥራውንም በአራት ምሰሶዎች ላይ አቁሞታል፤ እነርሱም የወላጆች ትምህርት፣ ከፅንስ እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የጤናና የማነቃቂያ እንክብካቤ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉት መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚካሄድ መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ዝግጅት ናቸው።

ማዕቀፉ ከወጣ በኋላ በአራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ኦ ክፍል» ወይም ዜሮ ክፍል የተባለው ተስፋፋ። ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ የሚያስተምሩበት የልጅ ለልጅ ዘዴም ሥራ ላይ ዋለ። በመርሐ ግብሩ መነሻ ከመቶ 10 ያልሞላው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ በመርሐ ግብሩ መጨረሻ ከሢሶ በላይ ደረሰ። እንዲህ ባለ አጭር ጊዜ ይህን ያህል ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት በትምህርት አወቃቀሩ ውስጥ አስገብቶታል።

ሒሳችን የሚጀምረው ከአከፋፈሉ ነው። ሥራው የተከፈለው በዕድሜና በመሥሪያ ቤት ነው። ከአራት ዓመት በታች ያለው ሕፃን በአመዛኙ በጤናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በትምህርቱ መሥሪያ ቤት ይታያል። ለዕቅድ አዘጋጅ ይህ ምቹ ነው። ለሕፃኑ ግን አራተኛ ዓመቱን የሞላበት ቀን ከሌላው ቀን የተለየ አይደለም፤ ያው ሕፃን፣ በዚያው ቤት፣ ከዚያችው እናት ጋር ይኖራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባሠማራቸው ሠራተኞች አማካይነት ሕፃኑን ከልደቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ክትባቱ፣ ክብደቱና ሕመሙ በቤተሰቡ ማኅደር ተጽፏል። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ግን የመምህርቷ መዝገብ ከባዶ ገጽ ይጀምራል። ማኅደሩ ከጤና ኬላው፣ መዝገቡም ከትምህርት ቤቱ ወጥተው አይገናኙም፤ ምናልባት በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሩብ ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ሐ. «ኅብረተሰቡ» ማን ነው?

በዕቅድ ሰነዶቻችን ውስጥ «ኅብረተሰቡ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሥራ የተጫነበት ቃል የለም። ክፍል የሚሠራው ኅብረተሰቡ ነው፤ ለአመቻቿ የሚያዋጣው ኅብረተሰቡ ነው፤ ውኃ የሚያቀርበው፣ አጥር የሚያጥረው፣ የሚከታተለውና «ባለቤት» የሚባለውም እርሱ ነው። ነገር ግን በር አንኳኩተን «ኅብረተሰብ» የሚባል ሰው አናገኝም። የምናገኘው የእድር ዳኛ፣ ባል የሞተባት እናት፣ ልጁን ከብት የሚያስጠብቅ አባት፣ ተማሪዎቻቸው ወደ ዜሮ ክፍል የሄዱባቸው የኔታ ናቸው። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር እንደማይቆም በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። «ኅብረተሰቡ ያደርጋል» የሚለው ዕቅድም ባለቤት ያለው ይምሰል እንጂ ሲመረመር ባለቤቱ ስም የለውም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ጉዳቱ የሚታየው በዜሮ ክፍሏ አመቻች ላይ ነው። ደመወዟ ከወላጆች መዋጮ ይከፈላል በተባለበት ቦታ፣ ክፍያዋ በመኸር ወራት ይገኛል፤ በክረምት መዳረሻ፣ እህል ከጎተራ ሲያልቅ፣ ይቋረጣል። እርሷም ሌላ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች። ከዚያም አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሌላ ወጣት ትተካለች፤ ሕፃናቱም በዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ፊት ይለምዳሉ። በአምስት ዓመት ዕድሜ ላለ ልጅ ከመማሪያው ሥዕል ይልቅ የሚበልጠው የለመደው ፊት ነው።

በሌላ ወገን መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ ትብብርን ውድ የሚያደርግ ሕግ ነበረባቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ወሰነ። ዓላማው ገንዘቡ ለተረጂው እንዲደርስ ነበርና ይህን የሚነቅፍ አይኖርም። ችግሩ የመጣው በኋላ በተከተለው መመሪያ ለጉዞ፣ ለሥልጠናና ለክትትል የሚወጣው ወጪ ብዙው በአስተዳደር ሥር በመቆጠሩ ነው። ትብብር ደግሞ ሄዶ ከመገናኘት፣ አብሮ ከመሠልጠንና ከመከታተል በቀር ሌላ አካል የለውም። ስለዚህም መቀናጀት በሒሳብ መዝገብ ላይ ብክነት መስሎ ታየ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሽሮ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጠበበ፤ ጣሪያውንም ከመቶ 20 አደረገው። ሕጉ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን ፈጥኖ አልተለወጠም። ዛሬም ለሕፃናት ሥራ በሚቀርቡ ብዙ ዕቅዶች ለወንበርና ለቀለም የበጀት መስመር ሲኖር፣ ለመገናኘት የተያዘ መስመር ማግኘት ያስቸግራል።

መ. አንዲት ልጅና ሦስት መዝገቦች

ከላይ የተባለው ከመሥሪያ ቤት ወንበር የታየ ብቻ እንዳይመስል የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክትትል ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። በትምህርት ቤቱ አንድ ዜሮ ክፍልና የሕፃናቱን ጉዳይ የሚመራ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አገኘሁ። ርእሰ መምህሩ፣ አመቻቿ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የቀበሌው ተወካይ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የወላጆች ተወካይና አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ አባላቱ ነበሩ። ቃለ ጉባኤው በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ቀረበልኝ። እኔም ከምሳ በፊት በመከታተያ ቅጹ ላይ «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት መልካም ነው» ብዬ ፈረምሁ።

ከምሳ በኋላ ክፍሉን ጎበኘሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ስሟ ሲጠራ አትመልስም። አመቻቿ ያለ ክፋት፣ «ፈዛዛ ናት፤ ደግሞም ትቀራለች» አለችኝ። መዝገቡን ባየው ልጅቷ በዚያ ወር ከግማሽ በላዩን ቀርታለች። ወደ ማታ ለሌላ ጉዳይ ጤና ኬላ ጎራ ስል የልጅቷን ነገር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አነሣሁባት። ማኅደሩን ገልጣ አሳየችኝ፤ ልጅቷ ከጆሮዋ ፈሳሽ እንደሚወጣ፣ እናቷም ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳት እንደ ተነገራት ከሁለት ወር በፊት ተጽፏል። እናቷ ለምን እንዳልወሰደቻት የነገሩኝ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ናቸው። የልጅቷ አባት በዚያው ሰሞን ሞቶ እድሩ ቀብሮታል፤ እናቲቱም ሐዘን ላይ ነበረች።

እንግዲህ ሦስት መዝገብ ነበረ፤ የክፍሉ የስም መጥሪያ፣ የጤና ኬላው ማኅደርና የእድሩ ደብተር። ሦስቱም በሐቅ ተሞልተዋል። ሦስቱን የያዙት ሰዎች የአንድ ኮሚቴ አባላት ናቸው። ኮሚቴውም በእነዚያ ሁለት ወራት ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ስለ አጥርና ስለ ውኃ በርሜል ተወያይቷል። የልጅቷ ስም ግን በአንዱም ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም። በማግሥቱ አመቻቿና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእናቲቱ ጋር ሆነው ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ቆይቶ እንደ ሰማሁት ሕመሙ ድኗል፤ የአንዱ ጆሮዋ መስማት ግን ተጎድቷል። እኔ የፈረምሁበት ቅጽ እስካሁን ከፋይል ውስጥ አለ። ያ ኮሚቴ በአካባቢው ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነበር፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው።

ሠ. እድር የሚያስተምረን

በዚያ ማታ የእድሩን ዳኛ፣ «ይህ ነገር ለምን በኮሚቴው አልተነሣም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ማን እንደሚያነሣው አልተባለም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ማን ይሂድ ተብሎ ስብሰባ አይጠራም። ጥሩምባ የሚነፋው የታወቀ ነው፤ ድንኳን የሚያወጣውም የታወቀ ነው» አሉ። በትምህርት አስተዳደር ላይ ካነበብኋቸው ብዙ ገጾች ይልቅ ይህች ንግግር ታስተምራለች።

እድር የሚሠራው አባላቱ ከሌላው ሰው ይልቅ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። አሠራሩ ሦስት ነገሮችን ስለያዘ ነው። አንደኛ፣ ጠሪ አለው፤ ነገሩ በደረሰ ሰዓት ለሁሉም የሚያሰማ አንድ የታወቀ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ መዋጮው አስቀድሞ የተወሰነና የሚታወቅ ነው፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያቀርባል። ሦስተኛ፣ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ጥቂት ብር ቢሆንም መቅረት ታይቶ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን ያስታውሳል። ከዚህ አንጻር የሕፃናት ኮሚቴዎቻችን ሲታዩ ሰብሳቢና ጸሐፊ አላቸው፤ ጠሪ ግን የላቸውም። አንድ ሕፃን ሦስት ቀን ሲቀር ጥሩምባውን የሚነፋ የለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እድሩ ጠቃሚ ነው ብሎ የሕፃናትን ሥራ በእድሩ ትከሻ ላይ መጫን፣ ወይም እድሩን የቀበሌ ቅርንጫፍ ማድረግ፣ ያለውንም ማጥፋት ነው። እድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው፤ የሚከበረውም ለአባላቱ ብቻ ስለሚታዘዝ ነው። ከእድሩ የሚፈለገው ከሥራው ጎን ያለ አንድ የተወሰነ ነገር ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ ሐዘን በደረሰበት ቤት ትንሽ ልጅ ካለ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ። ለየኔታም እንደዚሁ ነው። ጧት ፊደል አስቆጥረው ከሰዓት በኋላ ለዜሮ ክፍል የሚለቁበት ስምምነት፣ «ልማዳዊ» እየተባሉ ከሚታለፉበት አሠራር ለሕፃኑ ይሻላል።

ረ. ከሌሎች አገሮች ሁለት ምሳሌ

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሌሎች አገሮችም ለተመሳሳይ ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። ሁለቱን ብቻ እንመልከት፤ አንዱ በመንግሥት፣ ሌላው በነዋሪው የተጀመረ ነው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀናጀ የሕፃናት ልማት አገልግሎትን በ33 የሙከራ ቦታዎች ጀመረች። የሥራው ብልሃት ስድስት አገልግሎቶችን፣ ማለትም ተጨማሪ ምግብን፣ ቅድመ መደበኛ ትምህርትን፣ የጤናና የሥነ ምግብ ትምህርትን፣ ክትባትን፣ የጤና ምርመራንና ወደ ሕክምና መላክን፣ በአንድ ስፍራ ማገናኘቱ ነበር። ስፍራው «አንጋንዋዲ» ይባላል። ልጁን በስም የምታውቅ አንዲት የአካባቢው ሴት በኀላፊነት ትሠራበታለች። እኛ በሦስት መዝገብ የበተንነውን ሕንድ በአንድ ግቢ ሰበሰበችው። ይሁን እንጂ ሠራተኛዋ እንደ በጎ ፈቃደኛ ተቆጥራ ደመወዝ ሳይሆን የማበረታቻ ክፍያ ብቻ ስለምታገኝ፣ የምትሞላውም መዝገብ ስለበዛ፣ በሥራው ላይ ብዙ ቅሬታ ሲነሣ ኖሯል። ሃምሳውን ሎሚ ለአንዲት ሴት ማሸከም ትብብር አይባልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢጣልያው የሬጆ ኤሚልያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን በከተማው አቅራቢያ ያለችው የቪላ ቼላ መንደር ነዋሪዎች ከጦርነቱ የተረፈ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው በእጃቸው የሕፃናት ትምህርት ቤት ሠሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለው መምህር ተባበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ማዘጋጃ ቤቱ የመጀመሪያውን የራሱን የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያም ነዋሪዎች ያቋቋሟቸውን ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ሲረከብ፣ ወላጆች በአስተዳደሩ ያላቸው ድምፅ ተጠብቆ ቆየ። የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ነዋሪው ሊጀምር ይችላል፤ ደመወዝን ለዘለቄታው መሸከም ያለበት ግን በጀት ያለው አካል ነው። ከዚህም ጋር በጀት የከፈለ ሁሉ ነዋሪውን ዝም ማሰኘት የለበትም።

ሰ. የእኛ የማሠልጠኛዎች ጉድለት

ጥፋቱን ሁሉ በማዕቀፉና በወረዳው ላይ መጣል ለእኛ ለመምህራን አሠልጣኞች ይቀልለናል፤ ትክክል ግን አይሆንም። በኮሌጃችን ስለ ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ ግንኙነት የሚሰጥ ትምህርት አለ። ሠልጣኙ የተሳትፎን ትርጉም፣ ዓይነቶችና ጥቅሞች በቁጥር ለይቶ ያጠናል፤ በፈተናም ዘርዝሮ ይጽፋል። ነገር ግን ተምሮ እስኪመረቅ ድረስ አንድ ጊዜም የጤና ኬላ ደጃፍ አይረግጥም፤ ከእድር ዳኛ ጋር አይነጋገርም፤ የቀረ ሕፃን ቤት አይሄድም። በልምምድ ትምህርት የምንመዝነው የትምህርት ዕቅዱን፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙንና የድምፁን ከፍታ ነው። ያንን ቅጽ ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነኝ። ያልመዘንነውን ነገር መምህሩ አልሠራም ብለን ልንወቅሰው አይገባም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የመምህርቷ ጊዜ አይበቃም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከአምሳ በላይ ሕፃናት በአንድ ክፍል ለያዘች አመቻች ሌላ ሥራ መጨመር ግፍ ነው። የምንጠይቀው ግን ሥራ እንዲጨመር አይደለም። በየወሩ ለአጥር የሚሰበሰቡት ሰባት ሰዎች ከሚያጠፉት ጊዜ ግማሽ ሰዓቱ በስም ለታወቁ ሕፃናት እንዲውል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ተነሥተን፣ ያለ አዲስ ሕግና ያለ ትልቅ ወጪ ሊጀመሩ የሚችሉ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

1. በየቀበሌው አራት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ስም የተጻፈበት አንድ የጋራ ዝርዝር ይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በነሐሴ ወር ከምዝገባ በፊት ተቀምጠው ያስተካክሉት። በዝርዝሩ ላይ የሕመም ታሪክ አይጻፍ፤ ልጁ ክትትል የሚያስፈልገው መሆኑ ብቻ ይመልከት።

2. ለየዜሮ ክፍሉ አንድ ጠሪ ይሰየም። ሕፃን ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቀር ለሚመለከታቸው የሚያሳውቅ፣ ስሙም በክፍሉ በር የሚለጠፍ ሰው ይሁን።

3. የኮሚቴ ስብሰባ አጀንዳ አንደኛ ተራ ቁጥር የቀሩና የታመሙ ሕፃናት ስም ይሁን፤ አጥርና በርሜል ከዚያ በኋላ ይምጡ። የክትትል ባለሙያም ቃለ ጉባኤ ሲመረምር ከማኅተሙ በፊት ይህን ይፈልግ።

4. የአመቻቿ ደመወዝ ከወላጅ መዋጮ ወደ ወረዳው በጀት የሚተላለፍበት ጊዜ በዕቅድ ይወሰን። እስከዚያው መዋጮው ለቁሳቁስ እንጂ ለደመወዝ ዋስትና ተደርጎ አይቆጠር። በየድርጅቱ ዕቅድም ለመገናኘትና ለመከታተል የሚወጣው ገንዘብ በግልጽ የበጀት መስመር ይያዝ።

እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ናቸው፤ ሎሚም ትንሽ ነው። የዚህ መጽሔት አንባብያን የሆናችሁ መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች የጽሑፉን እውነትነት በቀላሉ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በአካባቢያችሁ ወዳለ ዜሮ ክፍል ሄዳችሁ ከስም መጥሪያው ላይ ብዙ ቀን የቀረ አንድ ሕፃን ምረጡ። ከዚያም «ለምን ቀረ? ማንስ ሄዶ ጠየቀው?» ብላችሁ ርእሰ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የእድሩን ዳኛ በየተራ ጠይቁ። ሦስቱ የአንድ ሰው ስም ከጠሩላችሁ በዚያ ቀበሌ ትብብር አለ። «ኅብረተሰቡ» ብለው ከመለሱላችሁ ግን የመከታተያ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ሕፃኑ ቤት ሂዱ።